ፈላጊና ተፈላጊ፦ የአሜሪካ መርማሪዎች በዳባትና በደባርቅ መንገድ

የመጀመሪያው የመርማሪ ልቦለድ ገዳይ ሰው አልነበረም። አሜሪካዊው ኤድጋር አለን ፖ እ.ኤ.አ. በ1841 በፊላደልፊያ ይታተም በነበረ መጽሔት ላይ ባወጣው ታሪክ፣ ፓሪስ ውስጥ እናትና ልጅ በራቸው ከውስጥ እንደተቆለፈ ተገድለው ይገኛሉ። የገዳዩን ድምፅ ከደረጃው ሆነው የሰሙ ሰዎች ቃል ሰጡ፤ አንዱ የስፓኝ ቋንቋ ነው አለ፣ ሌላው የሩስያ፣ ሌላው የእንግሊዝ። እያንዳንዱ የጠራው ግን ራሱ የማያውቀውን ቋንቋ ነበር። ሀብቱ ያለቀበት የጨዋ ልጅ ዱፒን ከዚህ ተነሥቶ ድምፁ የሰው አለመሆኑን ደረሰበት። ገዳዩ ከአንድ መርከበኛ እጅ ያመለጠ ኦራንጉታን፣ ጅራት የሌለው የሩቅ ምሥራቅ ትልቅ ጦጣ ነበር።

ይህ ለኒውዮርክ አንባቢ ጉድ ነው። ከሰሜን ተራሮች ሥር ገብስ ለሚዘራ ገበሬ ግን ያን ያህል አያስደንቅም። እዚያ ማሳው ተበልቶ ሲገኝ ተጠርጣሪው ማን እንደሆነ መርማሪ ሳይጠራ ይታወቃል፤ ጭላዳ ነው። ጭላዳ ኑሮው በሣር ቢሆንም እሸት ሲደርስ መንጋው ከገደሉ ብቅ ይልና ማሳ ይገባል፤ ጠባቂው ልጅ ወንጭፉን ሲያነሣ ተመልሶ በገደሉ ይሰወራል። ማስረጃው አለ፣ የዓይን ምስክሩም አለ፤ ክስ ብቻ የለም።

ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚወጣው መንገድ በአምባ ጊዮርጊስ በኩል የወገራን ሜዳ አቋርጦ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ ዳባት ይደርሳል፣ 100 ላይ ደግሞ ደባርቅ። ወገራ የገብስና የባቄላ አገር ነው፤ ከፍ ያለ፣ ብርዳም፣ ከባሕር ዛፍ በቀር ዓይን የሚጋርድ ነገር የሌለው። በሚኒባስ መስኮት የሚመለከት መንገደኛ አንድ ጋቢ የለበሰ ሰው ከአህያው ጋር ሲሄድ ብዙ ርቀት ድረስ ሳይጠፋበት ያየዋል። እንዲህ ያለ አገር ለመደበቂያ አይመችም። የአሜሪካ መርማሪ ደግሞ የተወለደው መደበቂያ ከበዛበት ከተማ ነው፤ ሁለቱን ማስተያየት ደስ የሚለውም በዚህ ምክንያት ነው።

ዳሺየል ሐሜት ልቦለድ ከመጻፉ በፊት ፒንከርተን በሚባለው የግል መርማሪ ድርጅት ተቀጥሮ ሰው ሲከታተል የኖረ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930 በመጽሐፍ ያወጣው «የማልታ ጭልፊት» ውስጥ ያለው ሳም ስፔድ የሳን ፍራንሲስኮ ሰው ነው፤ ማንንም አያምንም፣ ፖሊስንም ጭምር። ሬይመንድ ቻንድለር ከነዳጅ ኩባንያ ሥራው ተባሮ በአርባዎቹ ዕድሜ ወደ ጽሕፈት የገባ ነው። የእርሱ ፊሊፕ ማርሎ በ1939 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሥራ ሲጀምር ዋጋው በቀን 25 ዶላር ነበር፣ የሥራ ማስኬጃ ወጪ ለብቻው። እነዚህ ሁለቱ ያበጁት መርማሪ ብቸኛ ነው፤ ቢሮው ጠባብ፣ ኪሱ ባዶ፣ ቤተሰብ የሌለው። እንዲህ መሆኑ ለጌጥ አይደለም። ሰው ጎረቤቱን በማያውቅበት ከተማ፣ ከበር ወደ በር እየሄደ የሚጠይቅ የተከፈለው ባዕድ ያስፈልጋል። መርማሪው የሚሸጠው ከተማው ያጣውን ነገር ነው፤ ሰው ስለ ሰው የሚያውቀውን ወሬ።

ማርሎ ዳባት መናኸሪያ ቢወርድ ሥራው የሚበላሸው ገና ከመጀመሪያው ጥያቄ ነው። ምክንያቱ ሰዎቹ ስላልወደዱት አይደለም፤ ሰላምታ ሳያዳርስ ስለጠየቀ ነው። በወገራ አንድ ነገር የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ አዳሩን፣ ቀጥሎ ልጆቹን፣ ከዚያ ከብቱን፣ ከዚያ ዝናቡን ይጠይቃል፤ የመጣበትን የሚናገረው ጠላው ቀርቦ ሁለተኛው ጣሳ ሲደገም ነው። ያንጊዜም ቢሆን ጉዳዩን በቀጥታ አያነሣም። በሌላ ወገን ማርሎን የሚያስቀናው ነገርም አለ፤ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በሳምንት ለቅሞ የማይጨርሰው ወሬ ዳባት ላይ አንድ የቡና ስኒ ዙሪያ ተቀምጧል። ችግሩ ማወቅ ሳይሆን መናገር ነው። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይናገርም፤ ነገ እዚያው ገበያ፣ እዚያው ዕድር፣ እዚያው ቤተ ክርስቲያን መገናኘት አለና።

ይህን የሚያውቁ የሚያስደንቁ መርማሪዎች እዚያው ዳባት አሉ፤ ወንጀል ግን አይመረምሩም። እ.ኤ.አ. በ1996 የተጀመረውና የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚያስተዳድረው የምርምር ማዕከል በወረዳው ቀበሌዎች ልደትን፣ ሞትንና ከቦታ ወደ ቦታ መዛወርን እየተከታተለ ይመዘግባል። ሰው ቤቱ ሲሞት ሐኪም ያላየው ከሆነ መረጃ ሰብሳቢው ሐዘኑ ጥቂት ሲበርድ ወደ ቤተሰቡ ይሄድና ይጠይቃል፦ ትኩሳት ነበረው? ስንት ቀን? ሳሉ ደረቅ ነበር ወይስ አክታ ያለው? ሰውነቱ አብጦ ነበር? መልሱን ሐኪሞች ያነቡትና ሰውየውን ምን እንደገደለው ይወስናሉ። አስከሬን ሳይከፈት በቃል ብቻ የሚደረግ ምርመራ ነው፤ የዱፒን ሥራ ማለት ነው፣ ያውም ለበለጠ ቁም ነገር። ዱፒን በአመዛኙ ጋዜጣ አንብቦ ነበር የሚያሰላው፤ የዳባቱ መረጃ ሰብሳቢ ግን ለቅሶ ከተቀመጠች እናት ፊት በርጩማ ላይ ይቀመጣል። በሙያው ከባዱ ነገር የቱ እንደሆነ ሐሜት ቢጠየቅ ይሄኛውን ይመርጥ ነበር።

ወንጀልን በተመለከተ ደጋው አገር ከዘመናዊ ፖሊስ በፊት የራሱ ሁለት መንገዶች ነበሩት። አንደኛው ሌባሻይ ነው። አንድ ልጅ የሚያሰክር መድኃኒት ይጠጣል፣ ወገቡ ላይ መቀነት ወይም ገመድ ይታሰርለታል፣ ገመዱን የያዘው ሰው እየተከተለው ልጁ በመንደሩ ይሮጣል፤ ደክሞ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል፣ ይከፍላልም። ዘዴውን ያዩ የውጭ አገር ተጓዦች ብዙ ጽፈውበታል፣ ብዙዎቹም እየሳቁ። ሳቁ ግን ቶሎ የመጣ ነው። ሌባሻይ መምጣቱ ሲሰማ ብቻ የጠፋው ዕቃ ሌሊት ከደጃፍ ተጥሎ የሚገኝበት ጊዜ እንደነበር ሽማግሌዎች ይተርካሉ፤ ዘዴው የሚሠራው በመድኃኒቱ ሳይሆን በፍርሃት ነበር ማለት ነው። ንጹሕ ሰው ደጃፍ ላይ ልጁ የወደቀ ዕለት ግን ፍርሃቱ ራሱ ወንጀል ሆነ። የሰው ዕድል በሰከረ ልጅ እግር መወሰኑን የሚያጸድቅ ክርክር የለም፤ መቅረቱም ደግ ሆነ።

ሁለተኛው አውጫጭኝ ነው፤ በሌላው አካባቢ አፈርሳታም ይባላል። ከብት ሲሰረቅ፣ ቤት ሲቃጠል ወይም ሰው ሞቶ ገዳዩ ሲጠፋ የአካባቢው ሰው በሙሉ አንድ ሜዳ ወይም ዛፍ ሥር ይጠራል። የቀረ ይቀጣል። እየተማለ ይጠየቃል፤ ጥፋተኛው እስኪወጣ ድረስ ማንም ወደ እርሻው አይመለስም፣ ካልወጣም ካሣውን አገሩ ተካፍሎ ይከፍላል። የዚህ ሥርዓት ብልኅ ክፍል ወፍ ናት። ያየ ሰው ያየውን በግልጽ ተነሥቶ አይናገርም፣ ቂም ይወልዳልና፤ ለተመረጡ ሽማግሌዎች በምስጢር ያስታውቃል፣ ሽማግሌዎቹም የነገረችን ወፍ ናት ይላሉ። ወፍን ማንም አይጠይቃት፣ ማንም አይበቀላት። ሁሉም የሚያውቅበትና ማንም የማይናገርበት አገር የራሱን ችግር የፈታው እንዲህ ነበር። ዛሬም ምስጢሩን ከማን እንደሰማ የማይናገር ሰው ምንጩን ወፍ ላይ ይጥላል። በአሜሪካ ልቦለድ አንድ ሰው ሺውን ይጠይቃል፤ በአውጫጭኝ ሺው አንዱን ያወጣል። ከዳባት ገጠር ያሉ አንዳንድ ሜዳዎች፣ አንድ የቆየ ዋርካ ወይም ጽድ ብቻ መሐል የቆመባቸው፣ መንገደኛውን ይህን ስብሰባ እንዲያስብ ያደርጉታል።

ፍርድ ቤት ከተደረሰ ደግሞ ሌላ አሜሪካዊ ይታወሳል። ኤርል ስታንሊ ጋርድነር ራሱ ጠበቃ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1933 የፈጠረው ፔሪ ሜሰን ወንጀለኛውን የሚያወጣው በመንገድ ሳይሆን በችሎት፣ ምስክርን በጥያቄ እያጣደፈ ነው። የበላ ልበልሃ ሙግት ለእርሱ የተሠራ ይመስላል። ከሳሽና ተከሳሽ በዛፍ ሥር ቆመው፣ ነጠላ አጣፍተው፣ ቃል በቃል እየተጠያየቁ፣ በማር፣ በበቅሎና በፈረስ እየተወራረዱ የሚሟገቱበት ሥርዓት ነበር። ሜሰን ግን ግጥም መማር ይኖርበት ነበር፤ በዚያ ሙግት እውነት የያዘ ነገር ግን አንደበቱ የተሰበረ ሰው በቀላሉ ይረታል።

ጥያቄው ይህ ሁሉ ጥሬ ዕቃ እያለ ደጋው አገር ለምን መርማሪን ጀግና አላደረገም የሚለው ነው። መልሱ ከደባርቅ በስተምሥራቅ፣ ጃናሞራ ውስጥ ያለችው ደረስጌ ማርያም ናት። የሰሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ባሠሯት በዚህች ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በየካቲት 1855 የነገሠው ሌላ ሰው ነበር፤ ካሣ ኃይሉ፣ የቋራው ሽፍታ፣ ውቤን ድል ካደረገ በኋላ ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብሎ ዘውድ ደፋባት። እንዲህ ያለ ታሪክ ባለበት አገር ዘፈኑም፣ ቀረርቶውም፣ ፉከራውም የሚያወድሰው ፈላጊውን ሳይሆን ተፈላጊውን ነው። አሜሪካውያንም ሽፍቶቻቸውን ያወድሳሉ፤ ነገር ግን ከሐሜት ወዲህ ዓይናቸው ወደ ፈላጊው ዞሯል። በሰሜን ተራሮች ግርጌ ግን ጫካ የገባ ሰው ከተበደለበት ፍርድ ይሸሻል እንጂ ከፍትሕ አይሸሽም ተብሎ ሲታሰብ ኖሯል፤ አሳዳጁ ደግሞ ግብር ሰብሳቢ ወይም ነጭ ለባሽ ነበር። አሳዳጅን በዚህ ዓይን የሚያይ አንባቢ ሳም ስፔድን ለመውደድ ጊዜ ይፈጅበታል።

ወደ ደባርቅ ሲደረስ ነገሩ ይለወጣል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ ጠዋት ውርጭ የሚያደርባት፣ ከሰዓት ጉም የሚወርድባት ናት። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት እዚህ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቋመ፤ በ1978 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው የመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት ቦታዎች አንዱ ሆነ፤ ዋሊያው ስላነሰና ሰፈራው ስለበዛ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ገባ፣ በ2017 ወጣ። ከመውጣቱ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ተነሥተዋል። እነዚህ ጥቂት መስመሮች ውስጥ ስንት የልቦለድ ጠብ እንዳለ ለማየት ሁለት አሜሪካውያንን ማስታወስ ይበቃል።

አንዷ ኔቫዳ ባር ናት። በብሔራዊ ፓርኮች በጠባቂነት የሠራችው ይህች ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1993 አና ፒጅን የተባለች የፓርክ ጠባቂ ፈጥራ፣ ከዚያ በኋላ መጽሐፍ በመጽሐፍ ከአንዱ ፓርክ ወደ ሌላው ታዛውራት ጀመር። በመጀመሪያው፣ በቴክሳስ ተራሮች ውስጥ አንዲት ጠባቂ ሞታ ትገኛለች፤ ሁሉም የተራራ አንበሳ ገደላት ይላል። አና ዱካውን አይታ አላመነችም። ፖ በሰው ላይ የተጠረጠረውን በእንስሳ አሳበበ፤ ባር ከመቶ ሃምሳ ዓመት በኋላ በእንስሳ የተሳበበውን ወደ ሰው መለሰችው። የሰሜን ተራሮችም እንዲህ ያለ ጸሐፊ ጠባቂ አላጡም። ዌልስ የተወለደው ሲ. ደብሊው. ኒኮል በ1960ዎቹ መጨረሻ የፓርኩ የመጀመሪያ ዋርደን ሆኖ አዳኞችንና ሽፍቶችን ሲያሳድድ ቆይቶ በ1971 ስለ ቆይታው መጽሐፍ አሳተመ፤ ኋላ ጃፓን ገብቶ ልቦለድ ጸሐፊ ሆነ።

ሌላው ቶኒ ሂለርማን ነው፣ ለደባርቅ ከሁሉም የሚቀርበውም እርሱ ሳይሆን አይቀርም። እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ የጻፋቸው ልቦለዶች የሚካሄዱት በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ፣ ናቫሆ በሚባሉት ነባር ሕዝቦች ምድር ነው። ፖሊሶቹ ጆ ሊፕሆርንና ጂም ቺ ራሳቸው ናቫሆ ናቸው። ሊፕሆርን ግድግዳው ላይ ካርታ ሰቅሎ እያንዳንዱን ጉዳይ በመርፌ ይወጋበታል፤ በጉዞ ላይ ደግሞ አፈር ያነባል። ወደ ሰው ቤት ሲሄድ ዘሎ በር አያንኳኳም። መኪናውን ራቅ አድርጎ ያቆምና ባለቤቱ አይቶት እስኪወጣ ይጠብቃል፤ ሲገናኙም የየትኛው ጎሳ ልጅ እንደሆነ ይናገራል፣ የሌላውንም ይሰማል፤ ጥያቄው ዘግይቶ ይመጣል፣ ዝምታም አያስደነግጠውም። ቺ በተራው ፖሊስ ሆኖ ሳለ የሕዝቡን የፈውስ ሥርዓት የሚመራ ባህላዊ አዋቂ ለመሆን ይማራል። ሂለርማን ናቫሆ አልነበረም፤ ቢሆንም ሕዝቡ በ1987 ልዩ ወዳጃችን ብሎ ሸልሞታል። ማርሎ ዳባት ላይ የተበላሸበትን ነገር ሊፕሆርን ያለ ማንም ምክር ይሠራው ነበር። ከብቱን ይጠይቅ ነበር።

የሊፕሆርን ዘመድ በደባርቅ ስካውት ይባላል። ጎብኚ ሁሉ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይዞት የሚወጣው ይህ ሰው ብዙ ጊዜ የአካባቢው ገበሬ ነው፤ ትከሻው ላይ ያረጀ ጠመንጃ፣ ጭንቅላቱ ላይ ፎጣ ወይም ቆብ፣ እግሩ ላይ ኮንጎ ጫማ። ከቡይት ራስ ወደ ሳንቃ በር በሚወስደው የገደል አፋፍ ቀድሞ ይሄዳል። ጠዋት ውርጩ ሳይቀልጥ መሬቱ ጽሑፍ ነው፤ ያለፈችው በቅሎ የተጫነች መሆኗን፣ ልጁ ሮጦ እንጂ ተራምዶ አለማለፉን፣ ቀበሮው ከየት እንደመጣ ጎብኚው ሳያይ ያያል። ሳይጠየቅ ግን አይናገርም። ሲጠየቅም የሚመልሰው ባጭሩ ነው።

ኢትዮጵያ በአሜሪካ የወንጀል ልቦለድ ውስጥ ከገባች ቆይታለች፤ በር የከፈተላት ግን ጦርነት ነው። ጣሊያን በወረረበት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. ከ1935 መጨረሻ እስከ 1936 መጀመሪያ፣ ጥቁር አሜሪካዊው ጆርጅ ስካይለር «ፒትስበርግ ኩሪየር» በተባለው የጥቁሮች ጋዜጣ ላይ «የኢትዮጵያው ግድያ ምስጢር» የሚል ተከታታይ ልቦለድ ያወጣ ነበር። ሟቹ ኢትዮጵያዊ መስፍን ነው፤ ቦታው ደግሞ የኒውዮርኩ ሃርለም። ታሪኩ ባለቀ በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ የጣሊያን ጦር ጎንደር ገባ፤ ዛሬ ከደባርቅ ወደ ታች እየተጠማዘዘ የሚወርደው የሊማሊሞ መንገድም የዚያ ወረራ ቅሪት ነው። የስካይለር ኢትዮጵያ የናፍቆት አገር ናት፤ ጸሐፊው ያኔ አላያትም ነበር። ያም ሆኖ አንባቢዎቹ ስለ ኢትዮጵያ ዕጣ እያሰቡ ነበር የሚያነቡት።

ሁለተኛው መግቢያ የኢትዮጵያውያን የራሳቸው ነው። አዲስ አበባ የተወለደችውና አሜሪካ የምትኖረው መዓዛ መንግሥቴ እ.ኤ.አ. በ2020 ኒውዮርክ በታተመው «አዲስ አበባ ኑዋር» ውስጥ አሥራ አራት የወንጀልና የጨለማ ታሪኮችን ሰበሰበች፤ አዳም ረታ፣ በዕውቀቱ ሥዩም፣ ሌሊሳ ግርማና መሮን ሀደሮ ከጸሐፊዎቹ መሐል ናቸው። የራሷ ታሪክ የቀይ ሽብር ሰለባዎችን አጽም ከጅምላ መቃብር ስለማውጣት ነው። ያ ታሪክ በ2021 በአጭር ልቦለድ ዘርፍ የአሜሪካ ወንጀል ደራስያን ማኅበር የሚሰጠውን ሽልማት አሸነፈ። የሽልማቱ ስም ኤድጋር ነው፤ በፖ ስም የተሰየመ።

ዳባት ላይ ግን የወንጀል ልቦለድን ማንሣት ቀላል አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ፣ በሰሜኑ ጦርነት ወቅት፣ በዳባት ወረዳ ጭና በተባለው ቀበሌ ሰላማዊ ሰዎች ተገድለዋል፤ የመብት ተቆጣጣሪዎችም ከቤተሰብና ከዓይን ምስክር ቃል ተቀብለው መዝግበውታል። እንዲህ ባለ ቦታ ዱፒን ቀልድ ይሆናል። የተቆለፈ ክፍል የለም፣ የሚፈታ እንቆቅልሽ የለም፤ ያለው ስም፣ ቀን፣ መቃብር ነው። ልቦለድ እዚህ አካባቢ ሥራ ካለው የመዓዛ ታሪክ ያሳየው ዓይነት ነው፤ ማን ገደለ ብቻ ሳይሆን ማን ሞተ ብሎ መጠየቅ።

የአማርኛ አንባቢ ለወንጀል ታሪክ ባዕድ አይደለም። «ፖሊስና ርምጃው» የተባለው ጋዜጣ ለረጅም ዘመን ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ኖሯል፤ ይልማ ሀብተየስ የመርማሪ ልቦለድን በአማርኛ አስለምዷል፤ የዋጉ ተወላጅ ማሞ ውድነህ የስለላ መጻሕፍትን እየተረጎመ አንድ ትውልድ ሙሉ እንቅልፍ አሳጥቷል። ግን እነዚህ በአብዛኛው የከተማና የባዕድ አገር ታሪኮች ናቸው። ስካውት የሆነ መርማሪ፣ አውጫጭኙን የሚያስታውስ ሽማግሌ፣ ወፏን የምታውቅ ጠላ ሻጭ፣ ከግጭ ተነሥቶ ደባርቅ የሰፈረ ተጠርጣሪ ያለበት ልቦለድ ቢጻፍ ከሂለርማን ጋር ትከሻ ለትከሻ ይቆም ነበር። በነገራችን ላይ ሱ ግራፍተን መርማሪዋን በእንግሊዝኛ ፊደላት ቅደም ተከተል ከመጀመሪያው ፊደል ተነሥታ ስታስጉዝ እ.ኤ.አ. በ2017 የሞተችው አንድ ፊደል ሲቀራት ነው። በአማርኛ ይህን የሚሞክር ሰው ከ«ሀ» እስከ «ፖ» ከሁለት መቶ በላይ መጽሐፍ ስለሚጠብቀው ሌላ ዘዴ ቢፈልግ ይሻላል።

ለመጀመር የሚፈልግ ጸሐፊ ከደባርቅ ጠዋት ወጥቶ ከስካውቱ ኋላ ቢከተል፣ ባይቸኩል፣ ከብቱንም ቢጠይቅ መልካም ነው። ሕጉም እንዲሁ ያዛል፤ ያለ ስካውት ፓርኩ ውስጥ መግባት አይፈቀድም።